ሂት ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ አጥሩ ሲጨነቅ ይከርማል እንጂ የቤት ማሞቂያ የሚባል ነገር ጨርሶ አይታሰበውም። ብርዱ ቢጠና ጋቢ ይደረባል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ያልፋል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ቤት የገዛ ወገናችን ግን የገባው ሌላ ሒሳብ ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ከሚፈጀው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው የመንግሥት ጥናት 52 በመቶው፣ የሚውለው ቤት ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሶፋውም ከቴሌቪዥኑም በላይ ተጠንቶ መመረጥ ያለበት ዕቃ ይኼው ማሞቂያ ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አሮጌው በጃንዋሪ ውርጭ መሀል ቀጥ ሲልና ልጆች ካፖርት ለብሰው ሲተኙ፣ በአንድ ቀን ጥድፊያ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ከቤት ጎን ቆሞ የሚያጓራውን ሳጥን አብዛኛው ሰው «ኤሲ» ብሎ ይጠራዋል። በዚህ አካባቢ ብዙዎቹ ሳጥኖች ኤሲ ብቻ አይደሉም፤ በብርዱም ወራት የሚሠሩ ሂት ፓምፖች ናቸው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በብርድ ቀን ማሞቂያውን አብርቶ ወደ ውጭ መውጣት ነው። ሳጥኑ የሚሽከረከር ከሆነ ሂት ፓምፕ አለዎት። ዝም ካለና ሙቀቱ ከቤዝመንት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ማሞቂያዎ ፈርነስ ነው፤ በጋዝ፣ በዘይት ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ።

ሂት ፓምፕ ሙቀት አያመርትም፤ ያለውን ሙቀት ካንዱ ቦታ ወደ ሌላው ያጓጉዛል። ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ማሽን በትንሹ ያውቀዋል። ከፍሪጁ ጀርባ ወይም ጎን እጅዎን ቢያስጠጉ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት በአብዛኛው ውስጥ ካለው ወተትና አትክልት ተመጥጦ የወጣ ነው። ሂት ፓምፕም የውጭውን አየር እንደ ፍሪጁ ውስጥ ይቆጥረውና ሙቀቱን መጥጦ ሳሎንዎ ውስጥ ይለቀዋል።

«ውጭ በረዶ እየጣለ የምን ሙቀት አለና?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በማሽኑ ቱቦዎች ውስጥ በሚዘዋወረው ፈሳሽ፣ በሪፍሪጀራንቱ ላይ ነው። አር-32 የሚባለውን ብንወስድ፣ በተለመደው የአየር ግፊት የሚፈላው ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፈሳሽ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ አየር ሞቃት ነው። ፈሳሹ በውጭው ሳጥን ውስጥ ግፊቱ ሲቀነስለት ከብርዱ አየር ሙቀት እየሳበ ይፈላና ጋዝ ይሆናል፤ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ሲጨምቀው ይግላል፤ የጋለው ጋዝ ቤት ውስጥ ባለው መጠምጠሚያ ሲያልፍ ሙቀቱን ለቤቱ አየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያ በጠባብ ቫልቭ በኩል ግፊቱ ወርዶ ወደ ውጭ ይመለሳል። በሙቀቱ ወራት አንድ አቅጣጫ ቀያሪ ቫልቭ ጉዞውን ያዞረዋል፤ ያው ማሽን ኤሲ ሆነ ማለት ነው። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በ1852 በጽሑፍ አቅርቦታል፤ የዙሪክ ማዘጋጃ ቤትም በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሊማት ወንዝ ውኃ ሙቀት እየሳበ ይሞቅ ነበር።

ገንዘቡ የሚድነው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ ሥር የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ወስዶ የሚሰጠው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው፤ ከዚያ በላይ ሊሰጥ አይችልም። ሂት ፓምፕ በዚያው መብራት ሁለት፣ ሦስት፣ ቀን ሲቀናው አራት እጥፍ ሙቀት ያስገባል። ይህን እጥፍ ባለሙያዎች ሲኦፒ ይሉታል። ሲኦፒ ግን ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ ውጭው በቀዘቀዘ ቁጥር ይወርዳል። በ47 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ8 ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ከሦስት ተኩል በላይ የሚሰጥ ጥሩ ማሽን በ5 ፋራናይት፣ ከዜሮ በታች 15 ሴንቲግሬድ ላይ፣ ወደ ሁለት ገደማ ሊወርድ ይችላል። የሚሰጠው ጠቅላላ ሙቀትም አብሮ ይቀንሳል፤ ቤቱ ደግሞ ብዙ ሙቀት የሚፈልገው በዚያው ሰዓት ነው። ሂት ፓምፕ ሲመረጥ የሚያስቸግረው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ግጭት ነው።

ወደ ገበያ ሲወጡ ሻጩ አስቀድሞ የሚጠራልዎት ቁጥር ሲር2 ነው። ይህ የማቀዝቀዝ ብቃት ነው። የማሞቅ ብቃት የሚለካው ኤችኤስፒኤፍ2 በሚባለው ሌላ ቁጥር ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ሁለቱም በአዲሱና ጠበቅ ባለው አለካክ ነው የሚሰጡት። ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ የሚኖር ሰው ሲር2ን ቢያስቀድም ያዋጣዋል። ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ለሚኖር ግን የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያ ኤችኤስፒኤፍ2ን ይዩ። ትርጉሙን ለመረዳትም ቁጥሩን ለ3.4 ያካፍሉት፤ የሚወጣው የወቅቱ አማካይ ሲኦፒ ነው። በሕግ የተፈቀደው ዝቅተኛው 7.5 ሲካፈል 2.2 ይሰጣል፤ 10 ሲካፈል ወደ 2.9 ይጠጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በየዓመቱ በቢልዎ ላይ የሚነበብ ነው። ለኃይል ቆጣቢ ዕቃዎች የሚሰጠውን የኤነርጂ ስታርን ምልክት ለማግኘት በአየር ቱቦ የሚሠራ ማሽን ቢያንስ 15.2 ሲር2 እና 7.8 ኤችኤስፒኤፍ2 ሊኖረው ይገባል። ለብርድ አገር የሚመደበው ከዚህም አልፎ በ5 ፋራናይት ላይ ተፈትኖ ሲኦፒው ከ1.75 እንደማያንስና በ47 ዲግሪ ከነበረው ጉልበት 70 በመቶውን እንደሚይዝ ማሳየት አለበት። ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ ያላችሁ ይህን ሁለተኛውን ምልክት የሌለውን አትግዙ።

ከቁጥሮቹ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ኮምፕሬሰሩ ኢንቨርተር መሆን አለመሆኑን ነው። ርካሾቹ ማሽኖች የሚያውቁት ሙሉ በሙሉ መሥራት ወይም ሙሉ በሙሉ መቆም ነው። ኢንቨርተር ያለው ግን ፍጥነቱን ከቀኑ ብርድ ጋር እያመጣጠነ ለረጅም ሰዓት በቀስታ ይሠራል፤ ድምፁ አይረብሽም፤ ቤቱም አንዴ ሙቅ አንዴ ቀዝቃዛ አይሆንም። ገንዘብ ተቆጥቦ የሚቀነስ ነገር ካለ እዚህ ላይ ባይሆን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የተገኘው በላቦራቶሪ ነው። ያ ቁጥር እርስዎ ቤት ውስጥ የሚደገመው ማሽኑ በቤቱ ልክ ከሆነና በትክክል ከተገጠመ ብቻ ነው። አንድ ኮንትራክተር ይመጣል፤ የአሮጌውን ማሽን ስም ሰሌዳ ያነባል፤ «ቤቱ ስንት ስኩዌር ፊት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ 2,000 ሲባል ለ500ው አንድ ቶን ብሎ አራት ቶን ይጽፋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መኪናው ውስጥ ነው። ሌላው ይመጣል፤ መስኮቶቹን በሜትር ይለካል፤ የትኛው ወደ ሰሜን፣ የትኛው ወደ ምዕራብ እንደሚያይ ይጽፋል፤ ጣሪያ ሥር ወጥቶ የተነጠፈውን ኢንሱሌሽን ውፍረት ያያል፤ ቤዝመንት ወርዶ የአየር ቱቦዎቹን መጋጠሚያ በእጁ ይዳስሳል። ይህኛው የሚሠራው ማንዋል ጄይ የሚባለውን ስሌት ነው፤ ቤቱ በዓመቱ እጅግ ብርድ በሆኑት ሰዓታት በየሰዓቱ ስንት ቢቲዩ ሙቀት እንደሚያጣ የሚነግር ስሌት። ለዋሽንግተን አካባቢ የሚሰላበት ብርድ 20 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ነው፤ ለሚኒያፖሊስ ግን ከዜሮ በታች 10 ይደርሳል። አንድ ቶን 12,000 ቢቲዩ በሰዓት ነውና ስሌቱ 30,000 ቢቲዩ ካወጣ ቤቱ የሚፈልገው ሁለት ተኩል ቶን ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ግን አራት ሊያስገባልዎት ነበር።

«ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል?» የሚል ብዙ ነው። ይጎዳል። ከልክ በላይ የሆነ ማሽን ቤቱን በጥቂት ደቂቃ አሙቆ ይቆማል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል፤ ይህ መነሣትና መውደቅ መብራት ይበላል፤ የኮምፕሬሰሩንም ዕድሜ ያሳጥራል። በሙቀቱ ወራት ጉዳቱ ይብሳል። የዋሽንግተን ጁላይ ወበቃም ነው፤ እርጥበቱን ከአየሩ ለማውጣት ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። ትልቁ ማሽን አየሩን አቀዝቅዞ እርጥበቱን ትቶ ይቆማል፤ ቤቱ ቀዝቃዛና ድርቅ ያለ መሆኑ ቀርቶ ቀዝቃዛና የሚያጣብቅ ይሆናል።

ስሌቱ ከተሠራ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር ቢኖር፣ ከማሽኑ በፊት ገንዘብ የሚጠይቀው ቤቱ ራሱ መሆኑ ነው። ጣሪያ ሥር ኢንሱሌሽን መጨመርና ቀዳዳዎችን መድፈን የሚገዛውን ማሽን መጠን ያሳንሰዋል። ቱቦዎቹስ? በአንድ ተራ ቤት በቱቦ ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው በመጋጠሚያና በቀዳዳ እንደሚባክን ኤነርጂ ስታር ይናገራል። ይህን ሳያስተካክሉ ባለ ከፍተኛ ቁጥር ማሽን መግዛት ጣሪያ ሥር ያሉትን አይጦች ለማሞቅ መክፈል ነው።

ቱቦ የሌለው ቤት፣ ለምሳሌ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው፣ ሚኒ ስፕሊት ይስማማዋል። ውጭ አንድ ሳጥን፣ ውስጥ ግድግዳ ላይ አንድ ወይም ሁለት መንፊያ። ሻጮች ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መንፊያ መስቀል ይወዳሉ፤ ትንሽ መኝታ ቤት የሚፈልገው ሙቀት ግን ትንሹ መንፊያ እንኳ ከሚሰጠው ያነሰ ነውና ውጤቱ ያው ከልክ ያለፈ ማሽን ነው። እኛ ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሽንኩርት የሚቁላላበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ወጥ ቤት አጠገብ መንፊያ አይሰቀልም። የዘይቱ እንፋሎትና የቁሌቱ ጭስ ማጣሪያውንና መጠምጠሚያውን ያጣብቀዋል፤ ያደፈ መጠምጠሚያ ደግሞ ብቃቱን ያጣል። ሳሎን ያለውም ቢሆን፣ ዕጣን በየቀኑ የሚጨስ ከሆነ ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ ተነቅሎ በውኃ ቢታጠብ ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው ሳያውቀው ገንዘቡን የሚያፈስበት ሌላው ቦታ ቴርሞስታቱ ነው። አብዛኛው ቱቦ ያለው ሂት ፓምፕ ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሞቂያ በረዳትነት ተገጥሞለታል። ቴርሞስታቱ ላይ «ኦክስ» የሚለው ምልክት ሲበራ ይህ ሽቦ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። የ10 ኪሎዋት ሽቦ፣ መብራት በኪሎዋት ሰዓት 18 ሳንቲም ቢሆን፣ በሰዓት 1 ዶላር ከ80 ይበላል፤ ያንኑ ሙቀት ሂት ፓምፑ በሲኦፒ 2.5 በ72 ሳንቲም ያመጣው ነበር። ሽቦውን የምንጠራው ደግሞ ራሳችን ነን። ማታ ቴርሞስታቱን ወደ 60 አውርዶ ጠዋት በአንዴ 72 ላይ የሚያወጣ ሰው ማሽኑ ብቻውን እንደማይደርስበት ለቴርሞስታቱ ነገረው ማለት ነው፤ ወዲያው ኦክስ ይበራል። ለጋዝ ፈርነስ ጥሩ የነበረው ቁጠባ ለሂት ፓምፕ ኪሳራ ይሆናል። የሚስማማዎትን ሙቀት አንድ ጊዜ ሞልተው ይተዉት። ገጣሚውንም ሽቦው ውጭው ከተወሰነ ብርድ በላይ ሳለ፣ ለምሳሌ ከ35 ፋራናይት በላይ፣ እንዳይነሣ እንዲቆልፍልዎት ይጠይቁት። «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚለው ቁልፍ ሂት ፓምፑን ጨርሶ አጥፍቶ ሽቦውን ብቻ የሚያሠራ ነው፤ ማሽኑ ካልተበላሸ በቀር አይነካም።

ከፈርነስ ወደ ሂት ፓምፕ የተሸጋገረ ቤት ውስጥ አንድ ቅሬታ መሰማቱ አይቀርም። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ እናት እጃቸውን መንፊያው ላይ ዘርግተው «ልጄ፣ ይኼ እኮ ቀዝቃዛ ነው የሚነፍሰው» ይላሉ። የእጃቸው ስሜት ውሸት አይደለም። ከጋዝ ፈርነስ የሚወጣው አየር 120 እና 140 ፋራናይት ይደርሳል፤ ከሂት ፓምፕ የሚወጣው ግን ከ90 እስከ 105 ነው፤ ከሰውነታችን ሙቀት ብዙም አይርቅም። ቤቱ የሚሞቀው ይህ ለዘብ ያለ አየር ሳያቋርጥ ስለሚመጣ ነው። ለእማማ የሚነገራቸው መንፊያውን ትተው ግድግዳ ላይ ያለውን ቁጥር እንዲያዩ፣ መቀመጫቸውም ከመንፊያው ትይዩ እንዳይሆን ነው።

ውጭ ደግሞ ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። በብርዱ ጠዋት ከሳጥኑ ነጭ እንፋሎት ሲግተለተል ያየ ሰው «ተቃጠለ» ብሎ ሊሮጥ ይችላል። ማሽኑ በረዶውን እያሟሟ ነው። ቀዝቃዛው መጠምጠሚያ ላይ የአየሩ እርጥበት ይረጋና አመዳይ ይሆናል፤ ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ አቅጣጫውን ገልብጦ ያቀልጠዋል። ችግር የሚሆነው ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ በወፍራም በረዶ ተሸፍኖ ሰዓታት ሲቆይ ነው። በረዶ የሚቆለልበት አካባቢ ከሆነ ሳጥኑ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ እንዲቀመጥ ያድርጉ።

ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ መልሱ አሁን ቤቱን በሚያሞቀው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሞቅ ቤት ያለጥርጥር ያዋጣዋል፤ የማሞቂያው ወጪ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ዘይትና ፕሮፔን የሚያቃጥል ቤትም አብዛኛውን ጊዜ ያተርፋል። በጋዝ ላይ ግን ሒሳቡን መሥራት ግድ ነው። አንድ ቴርም ጋዝ 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይዟል፤ 95 በመቶ ብቃት ያለው ፈርነስ ከዚያ ወደ 27.8 ያስገባል። ቴርሙ 1 ዶላር ከ50 ቢሆን አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት 5.4 ሳንቲም ይወጣበታል። በ18 ሳንቲም መብራትና በአማካይ ሲኦፒ 2.9 የሚሠራ ሂት ፓምፕ ደግሞ 6.2 ሳንቲም። በዚህ ምሳሌ ጋዙ ትንሽ ይረክሳል። የእርስዎን ቢል አውጥተው ሁለቱን ዋጋዎች ተክተው ይሥሩት። ፈርነሱ ገና ጤነኛ ሆኖ የሞተው ኤሲው ብቻ ከሆነ በቦታው ሂት ፓምፕ አስገብቶ ፈርነሱን ለከባዱ ብርድ ማስቀረት ይቻላል፤ ለብዙ ሰው ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል።

ስለ ድጎማ ሲነገር ይጠንቀቁ። እስከ 2,000 ዶላር ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚገጠም ማሽን ቀርቷል፤ አሁንም በዋጋው ውስጥ አስገብቶ የሚያሰላ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላውንም ቃሉን ይመርምሩ። በክፍለ ግዛቶችና በመብራት ኩባንያዎች በኩል የሚሰጡ ቅናሾች ግን አሉ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች የተመደበም አለ። ብዙዎቹ ከግዢው በፊት ማመልከት ስለሚጠይቁ ውል ከመፈረም በፊት ይጠየቃሉ።

ውሉ ላይ ደግሞ በጽሑፍ የሚፈለጉ ነገሮች አሉ። የውጭውና የውስጡ ክፍል ሞዴል ቁጥር፣ ሁለቱ አብረው መፈተናቸውን የሚያሳየው የኤኤችአርአይ ሰርተፊኬት ቁጥር፣ የማንዋል ጄይ ውጤት፣ የረዳት ሽቦው ኪሎዋት፣ የከተማው ፈቃድ። ሪፍሪጀራንቱ የትኛው እንደሆነም ይጻፍ፤ ከ2025 ጀምሮ የሚመረቱት አዳዲሶቹ በአብዛኛው አር-32 ወይም አር-454ቢ የሚጠቀሙ ናቸው፤ የቀድሞው አር-410ኤ ለከባቢ አየር ጎጂ በመሆኑ ከአዲስ ማሽን እየወጣ ነው። ሥራው ሲያልቅ ገጣሚው የሪፍሪጀራንቱን ልክና የአየር ፍሰቱን ለክቶ ቁጥሩን ጽፎ እንዲሰጥዎት ያድርጉ። የአገር ልጅ ስለሆነ በእምነት የሚሰጥ ሥራ ብዙ ነው፤ መተማመኑ ደስ ይላል። ሪፍሪጀራንት የሚነካ ሰው ሁሉ የፌዴራል መንግሥቱን የ608 ምስክር ወረቀት መያዝ ግን ሕግ ነው፤ እሱን ማየት ማንንም አያስቀይምም።

ማሽንዎ አሥራ አምስት ዓመት ካለፈው ባለሙያ የሚጠራበት ጊዜ ኤፕሪልና ሜይ ነው፤ ብርዱ ሄዶ ወበቁ ሳይገባ። በእነዚህ ሳምንታት ኮንትራክተሮች ፋታ አላቸው፤ ጣሪያ ሥር ወጥቶ የሚለካ ሰው ማግኘትም፣ ሦስት ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደርም ይቻላል።